ቨርና ወደ ቢሮ የተመለሰችበት ዓመት

ከሁሉ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ሰው መጻፍ የኔ ሥራ አይደለም። ትምህርቴን ያቆምኩት በልጅነቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደቡብ ኦማሃ ቄራ ውስጥ ሥጋ ስቆርጥ ነው የኖርኩት። አሁን በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ከትልልቅ ሰዎች ጋር ንባብ እየተማርኩ ነው። መምህራችን ስለምታውቁት አንድ ሰው ጻፉና ለክፍሉ እናነባለን ስላለችን ነው የደፈርኩት። ትልቅ ሰው አላውቅም። የማውቀው ጎረቤቴን ቨርና ኩቼራን ነው። ልጻፍ ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ "ጻፍ ዶይል፣ ብቻ ወፍራም ናት ብለህ እንዳትጽፍ" አለችኝ። እሺ ብያታለሁ።

ቨርና የኢንሹራንስ ድርጅት ሠራተኛ ናት። የበረዶ ዝናብ ጣሪያውን የበሳበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ መኪናው አጋዘን የገጨበት ሰው ሲደውል ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት። ዱሮ በየማለዳው መሀል ከተማ ወደሚገኘው ረጅም ሕንፃ ትሄድ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ ግን ሁሉም ኮምፒውተሩን ታቅፎ ቤቱ ግባ ተባለ። እኛ ቄራ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን ስንሠራ እሷ ምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ቢሮ ከፈተች። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀንቼባት ነበር።

በኋላ ግን ባሏን ግሌንን ስትሮክ መታው። ግሌን ባቡር የሚጠግን ግዙፍ ሰው ነበር። ቀኝ ጎኑ አልታዘዘው አለ፤ ከንግግሩም የቀረችለት "አዎ" የምትለው ቃልና ከባቡር ጥገናው ያመጣት አንዲት ስድብ ነበረች። ቀጭን ውሃ ትን ስለሚለው ቨርና የሚጠጣውን ሁሉ ሐኪም ባዘዘላት ማወፈሪያ ዱቄት አወፍራ ነው የምትሰጠው። እንግዲህ ሥራዋ ቤት መሆኑ ያኔ ጠቀማት። ዊልቸሩን ከጠረጴዛው አጠገብ ታቆመዋለች፤ በስልክና በስልክ መሀል ታጠጣዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ አፉን ትጠርገዋለች። እሱም ቀኑን ሙሉ ድምፅዋን ይሰማል። አንዳንዴ ደንበኛ እያወራ እያለ ያቺን ስድቡን ጣል ያደርጋል። ቨርና ታዲያ አትደነግጥም። "ይቅርታ ጌታዬ፣ ባለቤቴ ነው፤ እሱም በበረዶው ተናዶ ነው" ትላለች። ሰዎቹ ይስቃሉ።

እንዲህ ሆነው ኖሩ። ሥራዋም አልተበደለም፤ እንዲያውም ምስጋና ይጻፍላት ነበር።

ባለፈው መኸር ድርጅቱ ሁሉም ሠራተኛ በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ ይገኝ የሚል መልእክት ላከ። ቅጠል እየጠረግሁ ሳለ ቨርና አጥሩ ጋ መጥታ ቆመች።

"ተጠራሁ" አለችኝ።

"የት?"

"ቢሮ። ተባብረን መሥራት ይኖርብናል አሉ።"

"ከማን ጋር ነው የምትተባበሪው?"

"እኔም እሱን ነው የጠየቅሁት። አንዷ ባልደረባዬ ያለችው ታምፓ ከተማ ነው፣ አንዱ ቦይሲ ከተማ። አለቃዬ ብቻ ነው እዚህ ያለው።"

አለቃዋ ትሬቨር ይባላል፤ በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል ጨዋ ልጅ ነው። ስለ ግሌን ነግራው ቤት ሆኜ ልሥራ ብላ ለመነችው። መልሱ ከላይ መጣ፤ የሚፈቀደው ራሱ ሠራተኛው ከታመመ ነው ተባለ። የማስታመሚያ ፈቃዱ ጥቂት ሳምንት ነው፣ ደመወዝም የለውም። የሕሙማን ቀን መዋያው ወረፋ አለው። ልጃቸው ያለችው ሩቅ፣ ኦሪገን ነው። ሥራውን ትተወው እንዳይባል ደግሞ የሁለቱም የሕክምና ኢንሹራንስ ያለው እዚያው ሥራዋ ላይ ነው። ሥራው ከሄደ የግሌን ሐኪምም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ። ካልተወችው ደግሞ ግሌን ቤት ብቻውን ይውላል። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ከሰዓት በኋላ ያለውን እኔ ያዝኩት። የኔ ፈረቃ ገና በጨለማ ተጀምሮ ከቀትር በኋላ ያልቃል፤ ከዚያ ሄጄ ከግሌን ጋር እቀመጣለሁ። የቸገረን ጠዋቱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ቨርና ሌሎቹ እንደሚያደርጉት አደረገች። ሬኒታ የምትባል ሠራተኛ ናት ያስተማረቻት። በር ላይ ካርድሽን ታስነኪያለሽ፣ ወደ ላይ ትወጫለሽ፣ ቡና ቀድተሽ ለሰው ሁሉ ትታያለሽ፣ ኩባያሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ። ግማሹ ሠራተኛ እንዲህ ነበር የሚያደርገው አሉ። ቨርና ይኼን ስትነግረኝ አፈረች።

"በዚህ ዕድሜዬ ከትምህርት ቤት እንደሚፎርፍ ልጅ ሆንኩ" አለች።

"ቡናው እንኳን ጥሩ ነው?"

"የመኪና ዘይት ነው የሚመስለው።"

ብዙም አልቆየ። ድርጅቱ ነቃና ሰው የገባበትን ብቻ ሳይሆን የወጣበትንም ሰዓት መያዝ ጀመረ። ከዚያ በኋላ እዚያው መዋል ግድ ሆነባት። ስለዚህ ትንሽ ካሜራ ገዝታ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጠችና ግሌንን በቢሮው ኮምፒውተሯ ጥግ ላይ እያየች መሥራት ያዘች። ፎቁ አብዛኛው ባዶ ወንበር ነው ትለኛለች። ቢሮ ሄዳም የምታወራው ቤቷ ሆና ታወራቸው ከነበሩት ሰዎች ጋር ነው፤ በዚያው ስክሪን፣ በዚያው ማዳመጫ። የተለወጠው ግሌን አጠገቧ አለመኖሩ ነው።

ጥር ላይ ስብሰባ ነበራቸው። ሁሉም በየስክሪኑ ተሰብስቧል፤ በረዶው ስላደረሰው ጉዳት ሪፖርት የምታቀርበው እሷ ናት። ሪፖርቱን ብቻ ማሳየት ሲገባት ስክሪኗን በሙሉ ለሁሉም ከፈተችው። አላወቀችም። ማውራቷን ቀጠለች። ቦይሲ ያለው ሰውዬ ነው ያቋረጣት።

"ቨርና፣ ያ ሰውዬ ማነው? የሆነ ነገር ሆኗል መሰለኝ።"

ቀና ብላ ስታይ ግሌን በግራ እጁ እሷ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የረሳችውን ብርጭቆ ይዟል። ተራ ውሃ ነው። ትን ብሎት ጎብጦ ይናጣል፣ ፊቱ ጠቁሯል። የካሜራው ድምፅ ተዘግቶ ስለነበር ያ ሁሉ ሰው ያለ ድምፅ አየው።

ያን ቀን ዕረፍቴ ስለነበር ቤቴ ነበርኩ። ቨርና ስትደውልልኝ ጫማ ሳላደርግ በካልሲዬ በረዶው ላይ ሮጥኩ። ደረቱን ወደ ፊት ደግፌ ጀርባውን መታሁት። ሳለ፣ ሳለ፣ በመጨረሻ ትንፋሹ ተመለሰ። መጀመሪያ የወጣችው ያቺ ስድቡ ናት። እንደዚያ ቀን ደስ ብላኝ አታውቅም። ካሜራው ወዳለበት ዞሬ እጄን አነሳሁላት፤ የማን የማን ዓይን እያየኝ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ማታ ጎመንና ሥጋ የተሞላበት ዳቦ ገዝቼ ሄድኩ። ቨርና ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች።

"ትሬቨር ምን አለ?"

"አለቀሰ።"

"ትሬቨር?"

"አዎ። የእሱም አባት እንደዚህ ሆኖ ነው የሞተው አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ የካሜራውን ምስል ከኮምፒውተርሽ ላይ አንሺው አለኝ። የደንበኞች ምስጢር ያለበት ማሽን ላይ ክልክል ነው አለ።"

"ታዲያ ማን ይጠብቀው አላልሽውም?"

"አልኩት። እሱን እኔ ልመልስልሽ አልችልም አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም ዶይል። ደንቡን ያወጣው እሱ አይደለም።"

"ያወጣው ማነው ታዲያ?"

"እንጃ። አይቼው አላውቅም። ቤቱ ሆኖ ያወጣው ይሆናል።"

ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን። ቶሎ አለቀብን። ግሌን እሷን እሷን ያያል። ቨርና ዳቦውን በሹካ አድቅቃ፣ በመረቅ አርሳ አንዴ በማንኪያ አጎረሰችው።

"ልታቆሚ ነው?" አልኳት።

"ካቆምኩ ሐኪሙን ያጣል። ከሄድኩ እኔን ያጣል።" ማንኪያውን አስቀመጠች። "ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ፣ ቤቱ የፈረሰበትን ሰው 'ይገባኛል' እለው ነበር። ምንም አልገባኝም ነበር።"

ሳህኑን አጥቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ፈረቃ ልገባ መኪናዬን ሳሞቅ የቤታቸው መብራት በርቶ አየሁ። ሄጄ አንኳኳሁ። ግሌን ጢሙን ተላጭቶ፣ የባቡር ጥገናውን ካፖርት ለብሶ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጧል። ቨርና የዱቄቱን ቆርቆሮ፣ ፎጣና ቅያሪ ሱሪ ቦርሳ ውስጥ ትከታለች።

"ሐኪም ጋ ነው?" አልኳት።

"ሥራ ነው።"

"እሱስ?"

"እሱም ሥራ ነው።"

"ፈቀዱልሽ?"

"አልጠየቅሁም። ደንቡ ወንበርሽ ላይ ተገኚ ነው የሚለው። እገኛለሁ። አጠገቤ ማን ይቀመጥ ማን አይልም።"

ፎርማኔ ጋ ደውዬ እቀራለሁ አልኩት። ግሌንን መኪና ውስጥ ማስገባት የአንድ ሰው ጉልበት አይበቃውም። ሕንፃው ጋ ስንደርስ ጥበቃው ግሌንን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አየ። ቨርና ካርዷን አስነካች።

"እንግዶች ናቸው?" አላት።

"ባሌ ነው። ይኼኛው ጎረቤታችን ነው።"

ስልኩን አልነካም። ሁለት የእንግዳ ካርድ አወጣና የግሌንን ራሱ ጎንበስ ብሎ አንገቱ ላይ አጠለቀለት።

ላይ ስንደርስ እዚህም እዚያም የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ከየስክሪናቸው ቀና አሉ። ቨርና ዊልቸሩን መስኮቱ ጋ፣ ከጠረጴዛዋ አጠገብ አቆመችው። ጎማውን ቆለፈች። ውሃውን አወፈረች፣ በማንኪያ ሰጠችው፣ አፉን ጠረገችው። ትሬቨር ከመስታወት ክፍሉ ሲነሳ አየሁት። እሷም አይታዋለች። ማዳመጫዋን አጥልቃ የመጀመሪያውን ስልክ አነሳች።