ለውሻ የተጻፈ ሙሾ

ቄስ ጊዲዮን ፔስኮድ በኔዘርኮት መንደር አሥራ ስድስት ዓመት የሌላ ቄስ ምትክ ሆኖ ሰበከ፣ አጠመቀ፣ ቀበረ። ዋናው አለቃ ከተማ ተቀምጦ የደብሩን ገቢ ይበላል፤ ጊዲዮን ጣራው በሚያፈስ ቤት ግጥም ይጽፋል። አሁን አለቃው ሞቷል። ደብሩን ለፈለጉት ቄስ የሚሰጡት ደግሞ የርስቱ ባለቤት እመቤት ዊንስኮም ናቸው። ስለዚህ ውሻቸው ፖምፔ ሞቶባቸው ለመቃብሩ ግጥም ሲያዙት እንቢ የሚልበት አንጀት አልነበረውም። እውነቱን እንነጋገርና፣ ዕድሜውን ከጻፈው ሁሉ ያማረውም እሱ ነበር።

ሮጠህ ያልጠገብከው፣ ማለዳ ተነስተህ፣
ምነው ቶሎ ደከምህ፣ ፖምፔ ምነው ተኛህ።

በደህና ወረቀት ገልብጦ እስኪያስረክብ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። በዚያው ሳምንት የመበለቲቱ የጁዲት ክራብ ልጅ ሮጀር፣ የአሥራ ስምንት ዓመት አራሽ፣ የወፍጮ ቤቱ ኩሬ ውስጥ ሰጠመ። እናቱ ለመቃብሩ ድንጋይ ሁለት መስመር ለመነችው። ጊዲዮን ደክሞት ነበር፤ ፖምፔ የሚለውን አውጥቶ ሮጀር አስገባበትና ሰጣት። ምቱ እንኳን አልተዛነፈም። እሷ እጁን ስማ አለቀሰች፤ እሱም፣ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ አብሯት አለቀሰ። ከዚያ የውሻውን ለእመቤቲቱ ላከ። በእመቤቲቱ አትክልት ቦታ ያለውን የውሻ ድንጋይ ከቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ጋር ማን ያስተያያል ብሎ ነው።

የጁዲት ልጅ ሃና ግን እመቤቲቱ ቤት ገረድ ናት፤ ማንበብም ትችላለች፤ የውሻውን ግጥም አይታ ለእናቷ ነገረቻት።

ጁዲት በነገታው መጣች። "አባቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። መጀመሪያ የተጻፈው ለማን ነው?"

"ለሮጀር ነው እንጂ፤ ለማን ሊሆን ኖሯል?"

"እኔም ይሄንኑ ብያለሁ።" ፊቷ ፈካ አለ። "እንግዲያ ውሻቸው የልጄን ውራጅ ነዋ የለበሰው።"

መንደሩ ይሄን እየተቀባበለ ሳቀ። ወሬው እመቤቲቱ ጆሮ ሲደርስ ጊዲዮን ተጠራ። ሻይ የምትቀዳው ሃና ነበረች።

"ፖምፔ የአራሽ ልጅ ውራጅ ለብሷል አሉ። እውነት ነው?"

ጊዲዮን ሃናን አየ፤ ደብሩን አሰበ። ደግሞስ እውነት መናገር ምን ኃጢአት አለው ብሎ ራሱን አጽናና።

"የለም እሜቴ። የፖምፔ ነው የቀደመው። ውራጁን የሰጠሁት ለልጁ ነው።"

እመቤቲቱ ሳቁ። "ሃና፣ ስኳር ጨምሪለት።"

ጨመረችለት። እሱም ጠጣው።

ደብሩ ተሰጠው። የመጀመሪያው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ከሮጀር ድንጋይ ላይ ግጥሙ በመሮ ተፍቆ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ጊዲዮን ያን ቀን ምን እንደ ሰበከ አያስታውስም። ከጸሎት በኋላ ጁዲት ቤት ሄዶ ተንበረከከ።

"ይነሱ አባቴ፣ ሰው ያየናል" አለችው። "ድንጋዩን ባዶ አስደርጌዋለሁ። ለልጄ የራሱን ይጻፉለት።"

በዚያው ዕለት ብዕር አነሳ። ሮጀርን አርባ ጊዜ በመንገድ አይቶታል፤ ዓይኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አያውቅም። በምን ይስቅ ነበር? ማንን ይወድ ነበር? ጁዲትን እንዳይጠይቅ አፈረ። የሚጽፈው ሁሉ ወደ ውሻው ይመለስበታል፤ ይቀደዋል።

ጁዲት እሁድ እሁድ ደጃፉ ላይ ትጠብቀዋለች።

"ደረሰ እንዴ አባቴ?"

"ገና ነው፣ ጁዲት።"

ይሄ ሃያ ሁለት ዓመት ሄደ። በመጨረሻ እሷንም ራሱ ቀበራት፤ የሮጀር ድንጋይም ከስሙ በታች ገና ባዶውን ነበር።