አጎቴ ያልነኩት ቁጥር

ጋሼ የምላቸው አጎቴ በደርግ ጊዜ ናዝሬት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሕመምተኛው የወሰደውን መድኃኒት እየለዩ የመድኃኒቱን መለያ ቁጥር ካርድ ላይ ይሞላሉ፤ ካርዱ አዲስ አበባ ሄዶ ለጥናት ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ላልታወቀ መድኃኒት «ሌላ» የሚል ቁጥር ነበር፤ እሳቸው ግን አይነኩትም። «ሌላ የሚባል መድኃኒት የለም፤ የጠፋው ጠያቂ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ የወንጂ አገዳ ቆራጭ ለወባው «ቀዩን ኪኒን ውጫለሁ» ሲላቸው፣ ቤቱ ድረስ ሄደው ብልቃጡን አዩ። ለካ የዋጠው የነፍሰ ጡር ሚስቱን የደም ማነስ ኪኒን ኖሯል! እየሳቁ መልሰው አሳከሙት።

ከጋሼ ቀብር መልስ የዕድሩ ጸሐፊ ዝምድናችንን ሲመዘግቡ፣ ቅጹ ላይ «የእህት ልጅ» የሚል ምድብ አጡ።

«ሌላ በሚለው ላስገባሽ?» አሉኝ።

የጋሼን ባዶ ወንበር አየሁና በእንባዬ መሀል ሳቄ መጣ።

«ሌላ የሚባል ዘመድ የለም፤ ምናቸው እንደነበርኩ ይጠይቁኝ» አልኳቸው።