ቤት የለቀቀው ወላጅ ክላስ

የልጅ ልጄ ቃሊቲ አንድ የስሚንቶና የብረት መጋዘን ውስጥ ለሙከራ ገብታ ነበር። የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠርታ አርብ ጠዋት ለባለቤቱ ካሳየች ትቀጠራለች፤ ካልሆነ በዚያው ያበቃል። እናቷ ከሞተች ወዲህ በእኔ ጉልት ነበር የምንኖረው፤ ጉልቱም ከአቃቂ ተነስተን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ቀረ። ያቺን አርብ ሁለታችንም ነበር የምንጠብቃት።

የትምህርት ቤት ደጅ ባልረግጥም ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ እጠይቃታለሁ። «ዕቃ» የሚባለው የፕሮግራሙ ክፍል ወላጅ ክላስ ነው አለችኝ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ የሚለው ሥርዓት ሁሉ እሱ ውስጥ ተጽፏል። ስሚንቶና ብረት ልጆቹ ናቸው፤ ከሱ ይወርሳሉ። ሐሙስ ከሰዓት ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዳ እንደሚመጣበት ቤት ላስተካክለው ብላ የተነሳችው። ወላጁን ፓኬጅ በሚሉት አንድ ማኅደር ውስጥ፣ ልጆቹን ሌላ ፓኬጅ ውስጥ አስገባች። መልሳ ሳትሞክረው መብራት ጠፋ፤ የቀረውንም ባትሪ ለነገ ብላ ቆጠበችው።

አርብ ቀትር ሳይሆን ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው ፊት ስትከፍተው የወጣው ቀይ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሰዓቱን አየና ሌላ ሰው እንሞክራለን አላት።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«ልጆቹ ወላጃቸውን የሚጠሩት በአጭር ስሙ ነው፣ እማዬ። አብረው እያሉ ይበቃ ነበር። አሁን ግን እዚያው እነሱ ፓኬጅ ውስጥ ይፈልጉትና ያጡታል። ከነፓኬጁ፣ ሙሉውን መጻፍ ነበረብኝ።»

«እሱስ ምን በድሎ ወጣ?»

«ምንም። እኔ ነኝ ቤት ያስለቀቅኩት።» ልትስቅ ሞከረችና ተወችው።

ነገሩ ቶሎ ነው የገባኝ። አቃቂ ሳለን በእድሩ ዘንድ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት» ነበርኩ፤ ለሰፈሩ ሰው ይሄ ይበቃል። ከተነሳን በኋላም መጠሪያዬ እሱው ሆኖ ቀረ። አቃቂ ግድግዳ የተጋራኋት ጎረቤቴ ስታርፍ የእድሩ ለፋፊ ሊነግረኝ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሄደ፤ የጠበቀው የቆርቆሮ አጥር ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎኩ፣ ፎቁ፣ የበሩ ቁጥር፣ አንዱንም አልያዘም። እኔ የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ይህን ግን አልነገርኳትም፤ የራሷ ይበቃታል ብዬ።

መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሯን ከፈተች። በልጆቹ ፋይል ራስ ላይ የወላጁን ሙሉ ስም ጻፈች። ቀዩ ጠፋ፣ ስሚንቶው ከነብዛቱ ወጣ።

«ሠራ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አየሁት» አልኳት። ከእኔ ሌላ የሚያየው አልነበረም።

ዘጋችውና ጫማዋን አወለቀች።