ያለ መርፌ ቁልፍ

እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ፣ እሷ ልብስ ሰፊ። አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፍለን መሥራት ከጀመርን ሃያ ዓመት አለፈን። እሷን ለማስቆጣት ብዙ አያስፈልግም፤ የኔ መዶሻ ጮኸ ማለት በቂ ነው። ያለፉት አራት ዓመታት ግን ቁጣዋ ሌላ ነበር፣ ደግሞም እውነቷን ነው።

ልጇ ባሏን ተከትላ ሰው አገር ጦርነት ውስጥ ገባች። ሁለቱም እዚያው ቀሩ። የልጅ ልጇ ግን ሽቦ በታጠረበት ካምፕ ውስጥ በሕይወት አለች ተባለ፤ ገና አምስት ዓመቷ ነው። ጎረቤቴ የዚያኑ ዕለት፣ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ወደ አገራቸው ወደሚመልሰው ቢሮ ሮጠች።

«እናቴ፣ ፋይሉ በሂደት ላይ ነው» አላት ኃላፊው። በሚቀጥለው ወር ስትሄድ ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ከዚያ የደም ምርመራ ጠየቋት፤ ሰጠች። ውጤቱ ጠፋ ተባለ፤ ደግማ ሰጠች። አንዴማ «ልጅቷ ለደኅንነት እንደማታሰጋ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይቀረናል» ብሏት አረፈው። የስድስት ዓመት ልጅ! ድንቄም ስጋት! ይህን ስትነግረኝ መጋረጃውን ገልጬ ተሳደብኩ፤ ምን ብዬ እንደተሳደብኩ እዚህ አልደግመውም።

እሷ የልጅቷ ልደት በደረሰ ቁጥር አንድ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሜትር አያስፈልጋትም። ዕድሜዋን ሙሉ ለተማሪ ስትሰፋ ስለኖረች፣ በየትኛው ዕድሜ ትከሻ ስንት እንደሚሆን በቃሏ ታውቀዋለች። የስድስት፣ የሰባት፣ የስምንት፣ የዘጠኝ ዓመት፤ አራቱም ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ።

ዘንድሮ ልጅቷ መጣች። ቢሮው በአዳራሹ አስረከበን፤ ፎቶ አንሺም ጠርተዋል። አያትየው የዘጠኙን ዩኒፎርም አለበሰቻት። ትከሻው ክርኗ ላይ ወረደ፣ ጫፉ ወለሉን ጠረገ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ኃላፊው ግን ፈገግ እንዳለ «ምን ችግር አለው እናቴ፣ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ሰብሰብ ቢያደርጉት? ለሪፖርታችን ያምራል» አለ።

መርፌ ቁልፍ ከልብስ ሰፊዋ ደረት ላይ ጠፍቶ አያውቅም። እጇን ግን ወደዚያ አላነሳችም።

«ንክች እንዳታደርጓት! እንዳለች አንሷት!» ብላ ጮኸችበት። «ልብሱ ልክ ነው። ዕድሜ ልኬን ልክ ተሳስቼ አላውቅም። ያጎደላችሁት ልጅቷን ነው!»

ካሜራውን መልሶ ያነሳ አልነበረም፤ ፎቶ ሳናስነሳት ይዘናት ወጣን። ክፍላችን ስንደርስ የስምንቱን ለካችላት፣ ሰፋ። የሰባቱም ሰፋ። የስድስቱ ልክክ አለባት። ልጅቷ የቀሩትን ሦስቱን አየችና «እነዚህስ የማን ናቸው?» አለች።

ያቺ አዳራሽ ያናወጠች ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።

«ያንቺ ናቸው፣ የኔ ልጅ» አልኳት እኔ። ከዚያ መዶሻዬን አንስቼ፣ ጠዋት ሠርቼ የጨረስኩትን ጫማ እንደገና እቀጠቅጠው ጀመር። ያን ቀን ዝም በል ያለኝ የለም።