ዘብ የቆመበት አፍ

እኔ ዝም ስል የምታመም ሰው ነኝ። እናቴ «አንቺ ነገር ሆድሽ ውስጥ አድሮ አያውቅም» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። የተናደድኩበትን ወዲያው ተናግሬ፣ ወዲያው ረስቼ፣ ምሳዬን በሰላም እበላለሁ። እንግዲህ የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል የነፍስ አባታችን «ዘንድሮ አንደበትሽ ላይ ዘብ አቁሚ» ያሏት እንዲህ ያለችውን ሴት ነው።

ነገሩ የመጣው በባሌ ነው። ባሌ መቱ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። ጎሬ የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት በዚያ ዘመን፣ የጎሬ ሹማምንት ሳይቀሩ ኮታቸውን እሱ ዘንድ ያሰፉ ነበር። በዚያ ዓመት ጋምቤላ ወርዶ ያመጣው ወባ ክረምቱን ሙሉ ጥሎት ከረመ፤ እኛ ተስፋ ከቆረጥን በኋላ ተነሣ። ሲሻለው መጀመሪያ ያለኝ «እስከ ዛሬ በሰማንያ ኖረናል፤ እግዜር ዕድሜ ከጨመረልኝ አይቀር ለገና አብረን እንቁረብ» ነው። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ባልና ሚስት የሚቆርቡት አብረው ነውና እኔ ብሰናከል እሱ ብቻውን አይቀርብም። የሱ ስለት በኔ ምላስ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

አባ ደግሞ አመሌን ያውቃሉ። «ከሥጋና ከቅቤ መከልከል ላንቺ ቀላል ነው» አሉኝ። «ጌታው እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው የቤቱን በር ይጠብቃል። ያንቺ በር አፍሽ ነው።» እሺ ብዬ መስቀል ተሳለምኩ።

አስቸጋሪው ነገር ጾሙ የሚገባው ቡና በሚለቀምበት ወቅት መሆኑ ነው። ቀዩ ቡና ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ላይ ይሰጣል። የኢሉባቦር ሰማይ በታኅሣሥም አይታመንም፤ ደመና ባየን ቁጥር እየሮጥን እንሸፍናለን። ከዝናቡ የባሰችው ግን የጎረቤቴ ፍየል ነበረች። ጎረቤቴ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ሞተው፣ አንዲት ልጃቸውም ያዮ ሄዳ አግብታ፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ፍየላቸው ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ሾልካ ትገባና ሰሌኑ ላይ ቆማ ቀይ ቀዩን እየመረጠች ትበላለች።

ቀድሞ ቢሆን እጮህ ነበር። «እትዬ! ይቺን ሌባዎን ይውሰዱልኝ! ለገና ወጥ ካልሠራኋት ከምላሴ ላይ ፀጉር ይነቀል!» እላለሁ። እሳቸውም ከአጥሩ ማዶ «እረጃት፣ ቆዳዋን ለኔ!» ይሉኛል። ከዚያ ፍየሏን ሊወስዱ ሲመጡ ስለ ገበያው፣ ስለ ሰማዩ፣ ስለ ሰው ሁሉ ሳናወራ አንለያይም።

በዚያ ጾም ግን ዝም አልኩ። ፍየሏን ባየሁ ጊዜ ከንፈሬን ነክሼ፣ በቀንዷ ጎትቼ አስወጣታለሁ። በኋላም የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ ደፈንኩት፤ እሷ እንደሁ ሌላ ቀዳዳ አታጣም። ጎረቤቴ ጓሯቸው ውስጥ ሲንጎዳጎዱ ከሰማሁ፣ አፌ እንዳያመልጠኝ ፈጥኜ ቤት እገባለሁ። ማታ ባሌ «ዛሬስ?» ይለኛል። «ዛሬም አልተናገርኩም!» ስለው ደስ ብሎት ይስቃል። እኔም ኮራሁ። የስብከት እሑድ አለፈ፣ የብርሃን እሑድ አለፈ፤ ገና እየቀረበ ሄደ።

በኖላዊ እሑድ፣ መልካሙ እረኛ በሚታሰብበት ቀን፣ ከቅዳሴ ስንመለስ ጎረቤቴን ደጃችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። ፍየሏን በገመድ ይዘዋታል። ዐይናቸው ቀልቷል።

«ውሰጃት» አሉኝ፣ ገመዱን እየዘረጉልኝ።

«ምነው እትዬ?»

«ማላን ሲ ጎዼ? ምን አደረግኩሽ? ፍየሌ ቡናሽን ስትበላ እንኳ አትጮሂብኝም። አጥሩን በእሾህ ደፈንሽው። ስትሰሚኝ ቤት ትገቢያለሽ። ቂም ከያዝሽብኝ ፍየሏን ውሰጅና ይቅር በይኝ። ማሎ፣ እባክሽ ስደቢኝ! ባሌ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚጮህብኝ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

ያ ያቆምኩት ዘብ ክፉ ቃል እንዳይወጣ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ወዳጄንም ከደጄ መልሷቸዋል። ቂም ባልይዝም፣ ይዛብኛለች ብለው የሚያለቅሱ ሰው ከአጥሬ ማዶ እያሉ እንዴት ብዬ ነው የምቆርበው? እንባዬ መጣ። ባሌ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል።

ያን ሁሉ ጊዜ የታፈነው አንድ ላይ ወጣ። «እትዬ! እርስዎና ፍየልዎ ልትገድሉኝ ነው! ቡናዬን ጨረሰችው እኮ! ያስሯታል ወይስ ለገና ወጥ ልሥራት?»

መንደሩ ሁሉ ሰማ። እሳቸው እያለቀሱ ሳቁ። «እረጃት» አሉ፣ «ቆዳዋን ለኔ።» አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

እሳቸው ፍየላቸውን ይዘው ሲሄዱ ፍርሃት ያዘኝ። ይኸው አፈረስኩት ብዬ ወደ አባ ሮጥኩ፤ ባሌም ከኋላዬ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ስነግራቸው አባ እስኪንፈቀፈቁ ሳቁ። «በር የሚጠበቀው» አሉኝ በመጨረሻ፣ «የመጣው ማን እንደሆነ ለማየት ነው። ሂጂ፣ እሾሁን አንሺ።» እሾሁን ያነሣው ባሌ ነው፤ እጁን እየወጋው ሲያፏጭ ትዝ ይለኛል።

ለገና ቆረብን። ጠዋት አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ቀስ እያልን ግቢያችን ስንደርስ፣ ያቺ ፍየል ሰሌኑ ላይ ቆማ ታመነዥጋለች። የቆረበ ሰው ያን ቀን አፉን ይጠብቃል፤ አይጮህም፣ ነገር አያበዛም። ባሌን አየሁት፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ወዲያው ከአጥሩ ማዶ «እትዬ! ይቺን ሌባዎን ይውሰዱልኝ! ለገና ወጥ ካልሠራኋት ከምላሴ ላይ ፀጉር ይነቀል!» የሚል ጩኸት ሰማን። ቃሉ የኔ ነው፤ አጯጯሁም የኔ ነው። ጎረቤቴ እሾሁ በተነሣበት ቀዳዳ አልፈው ገቡና ፍየላቸውን በቀንዷ ያዙ።

«ዛሬ አንቺ አፍሽን ጠብቂ» አሉኝ፣ «እኔ ልጩህልሽ።»