የጥለት ቀለም ነው ተባለ

አጎቴ የማያውቀው ነገር የለም። ሽሮ ሜዳ ላይ የሰው ወገብ ሲያዝ፣ የመኪና ሞተር አልነሳ ሲል፣ የጎረቤት ትዳር ሲናጋ ፍርድ የሚሰጠው እሱ ነው። ተሳስቶ እንኳ «እንጃ» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

አባቴ ታናሽ ወንድሙ ነው። ሁለቱም ሸማኔ ናቸው፤ ጎን ለጎን በተቆፈሩ ጉድጓዶች አፋፍ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወደ ታች ሰደው፣ መርገጫውን በባዶ እግር እየረገጡ ኖረዋል። አንድ ቀን አባቴ ውስጥ እግሩ ላይ፣ መርገጫው ዘወትር በሚያርፍበት ቦታ፣ ጥቁር ነጥብ አየ። ያን ሰሞን ጥቁር ጥለት እየሠራ ስለነበር አጎቴ ቀና ሳይል ፈረደ።

«ቀለም ነው። ክሩ ለቆ ነው። ፈግፍገው!»

የታላቅ ቃል ነውና አባቴ ፈገፈገ። በሳሙና፣ በሸካራ ድንጋይ፣ ቆዳው ደንድኖ እምቢ ሲል ደግሞ በምላጭ። ነጥቡ ግን እየሰፋ ሄደ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ስጨቀጭቅ አጎቴ ሳቀብኝ።

«የቆዳ ካንሰር? እሱ የፈረንጅ በሽታ ነው። ጥቁር ቆዳን ፀሐይ ምን ያደርገዋል?»

ጉድጓድ ውስጥ የሚውል ውስጥ እግር ፀሐይ ከየት እንደሚያገኝ ግን አልነገረኝም። አዋቂ ተብዬ!

ቁስሉ መድማት ሲጀምር አባቴን እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኩት። ከቁስሉ ተቆርጦ ተመረመረ፤ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትዕግሥቷ አስቀናኝ።

«አባባ፣ ይሄኛው ዓይነት ከፀሐይ የሚመጣ አይደለም» አለችው። «የቆዳ ሴሎች እርስ በርስ መልእክት ይላላካሉ። ተባዙ ሲባሉ ይባዛሉ፤ በቃ ሲባሉ ያቆማሉ። የታመመችው ሴል ግን በቃ የሚለውን አትሰማም። ዙሪያዋ ያለው ሥጋ ሲደነድንና ሲጫናት ደግሞ ግፊቱንም እንደ ትእዛዝ ትቀበላለች፤ እየሰረሰረች ወደ ውስጥ ትገባለች።»

በቃ ሲሏት የማትሰማ! ሐኪሟ አጎቴን የምታውቀው መሰለኝ።

«መፈግፈጉ ነው ያመጣብኝ?» አለ አባቴ።

«እሱ አላመጣውም። ጊዜዎን ግን በልቶታል።»

እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ።

አጎቴ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ሊጠይቅ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። «ማለቴ፣ ቀለሙ ወደ ውስጥ ዘልቆ መርዞት ነው እንጂ...»

«ጋሼ፣ አሁንስ ቢበቃዎት?» አልኩት።

አባቴ በዓይኑ ገሠጸኝ። ከዚያ የቀረችውን እግሩን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ወንድሙ ጭን ላይ አሳረፋት። «እስቲ ወንድም ጋሼ፣ ይቺንም እያትልኝ» አለው። ከልቡ ነበር።

አጎቴ እግሩን በሁለት እጁ ያዘ። በጣቶቹ መሃል ያለውን እየገለጠ፣ ውስጥ እግሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረ አየ። ብዙ ቆየ።

«እኔ እንጃ» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ለሐኪሟ አሳያት።»

አጎቴ ያቺን «እንጃ» አባቴ ሁለት እግር እያለው ቢናገራት ምን ነበረበት!