ውሃ የማይወድ አርማታ

ለዓመታት ያኮራችሁ ልማድ አንድ ቀን ጉድ ሠርቷችሁ ያውቃል? እኔ ይህ ሲደርስ ያየሁት በአንድ የወሎ ሰው ላይ ነው፤ ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ ናቸው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን በሲሚንቶ የሠሩ ግንበኛ ናቸው። አዲሱ ከፊላቸው፣ ማለትም ስፖንሰር ሆኖ የሚያሠራቸው ሰው፣ ግን የሚያመርተው የድኝ አርማታ ነው። መካ፣ ሩሰይፋ ውስጥ ላለ የባትሪ መጠገኛ የወለል ንጣፍ ታዝዟል፤ አሲድ ሲሚንቶን ይበላል፣ ድኝን ግን አይደፍርም። አሠራሩን ላስረዳ። ድኝ በእሳት ይቀልጣል፣ የጋለ ጠጠርና አሸዋ ይገባበታል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ድኝ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር በቀላሉ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ደቃቅ የኳርትዝ ድንጋይ ዱቄት የሚጨመርበት፤ ዱቄቱ ክፍተቱን ይሞላል፣ ድኙንም አጥብቆ ይይዘዋል።

የጋሼ ንጣፍ ግን እንደ ብስኩት ይሰበር ነበር። ከፊሉም፣ «እሑድ የማየውም ከተሰበረ ኸላስ፣ ኢቃማህን አላሳድስም» አላቸው፤ ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው።

ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለኝ ወደ ሥራ ቦታቸው አብሬያቸው ሄድኩ። የሳይንስ መምህር አይደለሁ? ምክንያቱ ወዲያው ታየኝ።

«ጋሼ፣ ዱቄት አብዝተዋል። ይቀንሱት።»

ቀነሱት። ጭራሽ ባሰበት።

«አይ መምህር! ተማሪዎችህን አላህ ይርዳቸው» ብለው ሳቁ። 

ስባሪውን አንስተው ወደ ፀሐይ አዞሩት። ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ነው። ወዲያው ግንባራቸውን መቱ።

«ውሃዬ ነው! የገዛ ውሃዬ!»

ለካ ዱቄቱ እንዳይቦን፣ በሲሚንቶ ልማዳቸው፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ ያርከፈክፉበት ነበር። ያ እርጥበት የጋለ ድኝ ውስጥ ሲገባ እንፋሎት ይሆንና ቀዳዳ ይተዋል። ጥፋቱን በድኙ ላይ ማላከክ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ለከፊሉ ደውለው በራሳቸው አንደበት ነገሩት። ከዚያ ዱቄቱን በሰፊ ብረት ድስት ያምሱት ጀመር። በየመሃሉ ቀዝቃዛ ክዳን ያስጠጉበታል፤ ክዳኑ ካላበው ዱቄቱ ገና አልደረቀም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዘዴ በማስተምርበት መጽሐፍ አላየሁም። ዱቄቱንም እኔ ካስቀነስኳቸው ወደ ቀድሞው መጠን መለሱት።

እሑድ ከፊሉ አዲሱን ንጣፍ በመዶሻ መታው። መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ። ደገመው፣ ሠለሰው።

«ማሻአላህ» አለ፤ «በል ኢቃማህን አምጣ፣ ላሳድሰው።»

የድኝ ጭስ አደገኛ ነውና ማቅለጡን ተዉት። ግን አንድ እፍኝ «ደረቅ» አሸዋ በድስት አሙቁና ቀዝቃዛ ክዳን አስጠጉበት። እባካችሁ፣ ክዳኑን ገልብጣችሁ፣ አልቦት እንደሆነ ራሳችሁ እዩት።